የእማ ዓፊያ አደራ

ኦምዱርማን፣ ሱዳን
የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለበለጡ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደርሻለሁ። ከኩርሙክ እስከ ደማዚን ያለውን መንገድ አላወራልሽም፤ አጥንት የሚያላቅቅ መንገድ ነው። ከደማዚን ወዲህ አስፋልት ነው። ሙሉ ቀን ተቀምጬ እግሬ ስላበጠ ሦስት ቀን ተኛሁ። ሳልጽፍልሽ የዘገየሁት ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ያረፍኩት በአጎቴ ልጅ በኢልያስ ቤት ነው። ሚስቱ እንደ አባቷ ታከብረኛለች። የዓይን ሐኪሙን ገና አላየሁትም። ቀጠሮው ተላልፏል፤ ሌላ ይሰጡኛል። ስለ ዓይኔ አታስቢ፣ እንደነበረ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ራሴ ነኝ።

ለምን አልደወለም ብለሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ስልኩ ትንሽ ተበላሽቷል። ያለን አንድ ስልክ እሱ ነው፤ በጎረቤት ስልክ ደግሞ ጉዳችንን አናወራም። ሾፌሩ ሻዕባን ከኩርሙክ ደማዚን ጭነት ስለሚያመላልስ በእሱ እንጻጻፍ። ወንድሙ የካርቱም አውቶቡስ ላይ ይሠራል፣ ከዚያ ወዲህ እሱ ያደርስልኛል። ድሮ ስንተጫጭ እኔ ከአሶሳ፣ አንቺ ከሰፈራ መንደሩ እንጻጻፍ አልነበር? አማርኛዬን በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ ትመልሺልኝ ነበር። አሁን አታርሚኝ፤ አርጅቻለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማ ዓፊያ ለልጇ ለሙርሳል አድርስልኝ ብላ የሰጠችኝ ጥቅል ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? አፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡን ግን አላየሁም። እንዲሁ በጉርብትና ጨዋታ መሀል ጠይቂያት። የሙርሳልን አድራሻም እንደገና ትንገርሽ፤ ጥቅሉ ላይ የተጻፈው ደብዘዝ ብሏል። እኔ ጠየቅኩ እንዳትያት።

ባልሽ ባቢከር


አሶሳ
የካቲት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ባቢከር፣

ወዓለይኩም ሰላም። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከገበያ ስመለስ ነው። ዘንቢሌን መሬት ላይ አስቀምጬ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ቤት ገብቼ ደገምኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት በደስታ ነው፤ በሁለተኛው ግን ምክንያቶችህን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። አንተ ስትዋሽ ምክንያት ታበዛለህ። እግሬ አበጠ፣ ስልኬ ተበላሸ፣ አድራሻው ደበዘዘ። አድራሻውን እኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በማርከር! በሳምንት የሚደበዝዝ ጽሑፍ አይደለም። ዓይኔ እንደነበረ ነው ትላለህ፤ ፊደሎችህ መስመሩን ስተው ቁልቁል ወርደዋል። ይሁን፤ መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስልህ።

እማ ዓፊያን ጠየቅኳት። «ለልጅሽ ምን ላክሽለት? ማር ነው?» አልኳት።

«ልብሱን» አለችኝ።

«ኧረ ልብስ እዚያ ሞልቶ!»

«ይሄኛው የለም።»

ያን የሙርሳልን ጀለቢያ ታስታውሰዋለህ፤ ለዒድ አንተው ነህ የሰፋህለት። ለቅሶው ላይም አብረን ነበርን። ሙርሳል ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ፣ አባቱ ስሙን እየጠራ ሞቶ ተቀብሮ፣ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲደርስ እናቱ በሰው ሁሉ ፊት ያለችውን ሰምተሃል። «የአባትህን አፈር ያላለበስክ፣ የእኔንም አታልብስ!» ያን ዕለት እንደወጣ አልተመለሰም። ሲወጣ ጀለቢያውን አውልቆ አጥሩ ላይ ጥሎት እንደሄደ ግን እኔ አላወቅኩም ነበር። ስድስት ዓመት ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣው ኖራለች። አንተ ልትሄድ መሆኑን ስትሰማ አውጥታ አጠበችው። «ሲያየው ይገባዋል። እርግማኔን አጥቤዋለሁ» አለችኝ።

አንድ መንገደኛ አድራሻውን ጽፎ የሰጣትን ወረቀት ጥቅሉ ውስጥ ከታዋለች። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ የቀረው «ኦምዱርማን፣ ሊቢያ ገበያ አጠገብ፣ ዳቦ ቤት» የሚለው ብቻ ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት መልስ፣ መጥታ ደጃችን ትቀመጥና «ባቢከር ጻፈ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

አሁን እውነቱን ጻፍልኝ። ያልነገርከኝ መከራ ከሚገለኝ የነገርከኝ ይሻለኛል።

በለጡ


ኦምዱርማን
መጋቢት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

በለጡ፣

ዛሬም አረምሽኝ። ይቅር በይኝ።

ጥቅሉ የለም። ቦርሳው ሁሉ የለም። ስልኩ፣ ፓስፖርቱ፣ የሐኪም ወረቀቶቼ፣ የዓይን ጠብታዬ፣ ለሕክምና የያዝኩት ገንዘብ፣ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ሄደ። የመጣሁ ዕለት፣ አውቶቡስ ተራው ላይ ነው። መሽቶ አልነበረም፤ ፀሐይ ነበረች። ከአውቶቡሱ ስወርድ ደረጃው አልታይ ብሎኝ እግሬን በአየር ላይ አንጠልጥዬ ቆምኩ። አንድ ሰው «ሐጅ፣ እጅህን ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ቀስ አድርጎ አወረደኝ። «ቦርሳህን ልያዝልህ» አለኝ፤ ሰጠሁት። «አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ» ብዬ መረቅኩት። ምርቃቴን ስጨርስ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ወረቀት አምጣ አሉኝ፤ ወረቀቴ ቦርሳው ውስጥ ነው አልኩ። የሰውዬው መልክ ምን ይመስላል አሉኝ። አላውቅም። ምን ለብሷል? ነጭ መሰለኝ። እዚህ አገር ነጭ ያልለበሰ የለም። አንደኛው «ያላየኸውን ሰው እንዴት አድርገን እንያዝልህ?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውኃ ሰጥቶኛል። አገሬ ቢሆን ኖሮ አንድ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም ነበር። እዚህ ግን ስሜን ብናገር ስሜን የሚያውቅ የለም።

የደበቅኩሽ ለምን እንደሆነ ትጠይቂኛለሽ። ዓይብ ነው፣ ነውር ነው፣ በለጡ። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው እንደ ሕፃን ልጅ እጁን ተይዞ ተዘረፈ ብዬ ልጻፍልሽ? የራሴን ዕቃስ እርም ብያለሁ። አማናው፣ አደራው ነው ያቃጠለኝ። የሰው አማና እጄ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ሳውቅ፣ ከኢልያስ ጋር የሰልባጅ ገበያ ወረድን። ሌባ ልብስ ካገኘ የሚሸጠው እዚያ ነው አሉን። አራት ቀን ተመላለስኩ። ክምሩ ውስጥ እጄን ከትቼ የጀለቢያ አንገት እየዳበስኩ። የራሴን ስፌት በጣቴ አውቀዋለሁ። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ በሦስተኛው ቀን ወንበር ሰጡኝ። አላገኘሁትም። ሁለተኛው ቀጠሮዬ ያለፈው በእነዚያ ቀናት መሀል ነው። ኢልያስ ተቆጣኝ፤ አንቺም እንደምትቆጪ አውቃለሁ።

አሁን ዳቦ ቤቶቹን እጠይቃለሁ። ልብሱ ከጠፋ ቃሉን በአፌ አደርሳለሁ። እስከዚያ ለእማ ዓፊያ እየፈለገው ነው በያት። ውሸት አይደለም።

ባቢከር


አሶሳ
መጋቢት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ባቢከር፣

እንኳን ነፍስህ ተረፈ። ዕቃ ሌላ ዕቃ ይተካዋል። እኔ የተቆጣሁት በሌባው አይደለም፤ ሌባ ሥራው ነው። የተቆጣሁት አንድ ወር ሙሉ ብቻህን በመሸከምህ ነው። ልብሱን ስትፈልግ ቀጠሮው አለፈ የሚለውን መስመር ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ምን እንደምልህ አላውቅም። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር ይሆናል።

ከደብዳቤው በኋላ የላክሃት ቁራጭ ወረቀትም ደርሳኛለች። የስፌት መኪናውን ሽጪው ብለሃል። ለሕክምናው ገንዘብ ፈልገህ ከሆነ ነገ እሸጠዋለሁ። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ማለትህ ከሆነ ግን አልሸጠውም። የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ። ሱቁን በየጠዋቱ እከፍታለሁ፣ መኪናውን ዘይት እቀባዋለሁ፣ ጨርቃቸውን ትተውብህ የሄዱትን ሰዎች «ይመጣል» እላቸዋለሁ።

እማ ዓፊያ ትናንትም መጣች።

«አገኘው?»

«እየፈለገው ነው። ከተማው ሰፊ ነው።»

«ሲያገኘው በእጁ ይስጠው፤ በሰው እንዳይልክበት።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኳት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ፊቴን እንዳታየው ብዬ። ረመዳን ገባ፤ ልጇ ከቤት ከወጣ ስድስተኛ ረመዳኗ ነው። ከባለፈው ወር ወዲህ ሳል ይዟታል። ክሊኒክ ወስጃት መድኃኒት ሰጡን። ሌላም የነገሩኝ ነገር አለ፤ እሱን ስትመጣ እነግርሃለሁ። እንዳትጾም ተብላ ነበር፤ አልሰማችም።

ቶሎ አግኘው።

በለጡ


ኦምዱርማን
መጋቢት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

በለጡ፣

ፊደሎቼ ቀጥ ብለው ካየሻቸው አትገረሚ። ካርቶን ላይ ክር ወጥሬ፣ በክሩ ላይ እጄን እያስኬድኩ ነው የምጽፈው። የሰፊ ዘዴ ነው። ስለ መኪናው የጠየቅሽኝን በሌላ ቀን እመልሳለሁ። የአገራችን ሰዎች አዋጥተውልኝ ለቀዶ ጥገና አዲስ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሚያዝያ 10 ነው። ሐኪሙ የዓይንህ ውስጥ ግፊት በዝቷል አለ፤ ሌላውን ከቀዶ ጥገናው በኋላ እናወራለን።

ሙርሳልን አገኘሁት! አሥራ ሁለተኛው ዳቦ ቤት ላይ። ስሙን ስጠራ አንድ ሰው ከምድጃው ዞር አለ። መልኩን አላየሁትም፤ ግን አረማመዱ የአባቱ ነው። «አጎቴ ባቢከር!» ብሎ ትከሻዬ ላይ ተደፋ። ዱቄቱ ሁሉ ልብሴ ላይ ቀረ።

የተነጋገርነው በእኛው ቋንቋ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ይቀዘቅዝብኛል። እናትህ ልካኛለች አልኩት። እጁን ከትከሻዬ አነሳ።

«ምን ብላ?»

«ይቅር ብያለሁ ብላ። ጀለቢያህን አጥባ ሰጥታኝ ነበር።»

«የታለ?»

«ተሰረቀብኝ።»

ሳቀ፣ በለጡ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ የሚያለቅስ ሰው ሳቅ ነው። «አጎቴ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ» አለኝ። «ስድስት ዓመት አንድ ቃል ያልላከች እናት ልብስ ላከች፣ ልብሱም መንገድ ላይ ተሰረቀ። አንተ እኔን ብትሆን ታምናለህ? አጥር ላይ የተጣለ ልብስ ያለፈ ያገደመ ሁሉ አይቶታል። አዝነህልኝ ያመጣኸው ነገር ነው። እናቴ ቃሏን አታጥፍም።»

ማልኩለት። «በረመዳን አትማል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ለማፍጠሪያ ትኩስ ዳቦ ይዞልኝ ይመጣል። ክንዴን ይዞ መስጊድ ያደርሰኛል። ዓይኔን ማንም ሳይነግረው ነው ያወቀው። ስለ ሁሉም ነገር ያወራኛል። እናቱን ሳነሳ ብቻ ይነሳና ይሄዳል።

ስለዚህ ከእንግዲህ አትዋሺልኝ። ለእማ ዓፊያ ጥቅሉ ተሰርቋል በያት። ከእሷና ከእሱ በቀር ሰው የማያውቀው አንድ ቃል ትስጥሽ። የእኔ መሐላ አልበቃውም።

ባቢከር


አሶሳ
ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ባቢከር፣

ነገርኳት።

ከጎኗ ተቀምጬ እጇን ይዤ ነው የነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ያ ሌባ ድሃ ይሆናል። ለብሶት ከሆነ ይልበሰው» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ደግሞ አለቀሰች። «ባቢከር እንዳያፍርብኝ፤ ሰው እጁን ሰጥቶ ቢሰረቅ ጥፋቱ የእጁ አይደለም በይው» ብላሃለች።

ሙርሳል አላምንም ማለቱን ስነግራት ግን ተነስታ ተቀመጠች። «እስክሪብቶ አምጪ» አለችኝ። ቃሏን እንዳለ ጽፌዋለሁ፦

«ሙርሳል፣ ልጄ። ልብስህ ደረቱ ላይ ሁለት ቁልፍ አልነበረውም። ጓዳ ውስጥ ብቻችንን ሳለን አንገትህን ይዤ ስነቀንቅህ የበጠስኳቸው እኔ ነኝ። እጄን ልትይዘው ትችል ነበር፤ ጉልበት ነበረህ፤ አልያዝከውም። አንዱን ቁልፍ ከመሬት አነሳህና መዳፌ ላይ አስቀመጥክልኝ። ያን ጊዜ ዝም ብዬህ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። እኔ ግን ተከትዬህ ወጣሁና በሰው ፊት ያን ቃል ተናገርኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አውቄዋለሁ፣ ክፉ እንደሆነ። መመለስ አፈርኩ። ስድስት ዓመት አፈርኩ። ባለፈው ጁምዓ ያን ቀን ለቅሶ የነበሩትን ሴቶች ቤቴ ጠርቼ፣ በእነሱ ፊት የተናገርኩትን በእነሱ ፊት መልሻለሁ። በለጡ ምስክር ናት። ናልኝ።»

ምስክር ነኝ፣ ባቢከር። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፤ ያላለቀሰች የለችም።

ለዓይንህ ዱዓ እያደረግን ነው። ይህን ነገ ማለዳ ኩርሙክ ለሚሄድ መኪና እሰጠዋለሁ። ለሚያዝያ 10 ባይደርስልህም ልቤ እዚያ ነው።

በለጡ


አሶሳ
ግንቦት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ባቢከር፣

የምጽፈው ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው። ካርቱም ጦርነት ነው ከተባለ ከወር በላይ ሆነው። በየቀኑ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ከኩርሙክ በኩል የሚመጡትን ሰዎች፣ ፍራሽ የተሸከሙትን፣ ምንም ያልተሸከሙትን፣ «ከኦምዱርማን ነው የመጣችሁ? ኢልያስ የሚባል ታውቃላችሁ? ባቢከር የሚባል ሰፊ፣ ዓይኑን የሚያመው?» እላቸዋለሁ። አንዷ ሴትዮ «እህቴ፣ እዚያ ሰው ሰውን የሚያይበት ጊዜ አይደለም» አለችኝ። ሻዕባን የባለፈው ደብዳቤ ደማዚን ላይ እጁ እንደቀረ መልእክት ልኮልኛል፤ ወደ ካርቱም የሚሄድ መኪና የለም። ይህንንም ለእሱ እልካለሁ። ከተረፋችሁ በዚያ ነው የምታልፉት።

ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አንብበው። ሙርሳል ካንተ ጋር ካለ ቁጭ አድርገህ፣ ውኃ አጠጥተህ፣ አንተው በአፍህ ንገረው።

እማ ዓፊያ ባለፈው እሑድ፣ ግንቦት 6 ቀን፣ ከቀትር በፊት ዐርፋለች። ሳሉ ሳንባዋን ጨርሶት ነበር። ክሊኒኩ በመጋቢት ነግሮኛል፤ እዚያ ሆነህ ምን ታደርጋለህ ብዬ ደበቅኩህ። እኔም እንዳንተው ነኝ።

መጨረሻ ላይ ሬዲዮውን ዝጉልኝ አለች። ጦርነቱን ትሰማ ነበርና። «ሕያው ነው። እርግማኔን ስለመለስኩ ሕያው ነው» ትል ነበር። ቅዳሜ ዕለት የሰፈሩን ወንዶች አስጠርታ አደራ ሰጠቻቸው። «አፈሩን በሙሉ አትመልሱብኝ። ጥቂት ከጎኔ አስቀሩ። ልጄ በገዛ እጁ ያልብሰኝ» አለቻቸው። እንዳለችው አደረጉ። ከመቃብሯ አጠገብ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ አንድ ቁና የሚሆን አፈር ተከምሯል። ዝናቡ ጀምሯል። እኔ ላስቲክ አልብሼው፣ ዙሪያውን በድንጋይ ይዤዋለሁ። ነፋስ ሲነሳ እየሄድኩ አየዋለሁ።

አንተም ና። ታመህም፣ ደኽይተህም፣ እንዴትም ሆነህ ና።

በለጡ


ኩርሙክ፣ በእኛው በኩል
ግንቦት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

በለጡ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። በሕይወት አለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ነው።

ጽሕፈቱ የእኔ እንዳልሆነ አይተሻል። እኔ እናገራለሁ፣ ሙርሳል ይጽፋል። ስለ ስፌት መኪናው የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስልሽ። ሽጪው። ለሕክምና አይደለም። ቀጠሮዬ ሚያዝያ 10 ነበር፣ ተኩሱ ሚያዝያ 7 ጀመረ። ከቤት መውጣት አልተቻለም፣ ጠብታውም አለቀ። ቀኝ ዓይኔ ከአሶሳ ስነሳም ሄዶ ነበር፤ አልነገርኩሽም። ግራው እዚያ ወለል ላይ ተኝተን ሳለን ሄደ። ፀሐይ መኖሯን በፊቴ ላይ ሲሞቀኝ አውቃለሁ እንጂ አላያትም። ይኸው ነው፤ አልቅሺና ጨርሺ። እኔ ጨርሻለሁ።

በስምንተኛው ቀን የኢልያስ ቤተሰብ ወደ ሰሜን ሲሸሽ ሙርሳል በሩን አንኳኳ። ከሊቢያ ገበያ እስከ እኛ ቤት በእግሩ መጥቷል፣ በዚያ ተኩስ መሀል። «አጎቴ፣ አገርህ አደርስሃለሁ» አለኝ። «ድንበሩ ድረስ ነው ታዲያ። ከድንበሩ ወዲያ እግሬን አላነሳም።» እሺ አልኩት። ምን ምርጫ ነበረኝ?

እስከ መደኒ ከተማ ስድስት ቀን ፈጀብን፤ እዚያም መኪና አጥተን ሳምንታት ተቀመጥን። ኬላ ላይ ወረቀት ሲጠይቁኝ ወረቀት የለኝም። ሙርሳል «ዓይነ ስውር አባቴ ነው፤ እለፍ በሉት» ይላቸዋል። መጀመሪያ ሲለው ደነገጥኩ። በሁለቱም ቃል።

ደማዚን ላይ ሻዕባን አገኘን። ሁለት ደብዳቤ ሰጠኝ። «ለብቻህ አንብበው» ብለሽ እንደጻፍሽ እኔ በምን ልወቅ? ለሙርሳል ሰጠሁትና «አንብብልኝ» አልኩት።

የመጀመሪያውን አነበበ። «ሙርሳል፣ ልጄ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንደ ተማሪ ቃል በቃል፣ እስከ መጨረሻው ወረደ። «እጇን አልያዝኩትም፤ እውነት ነው» አለ።

«ሁለተኛውስ?» አልኩት። ወረቀቱ ሲገለጥ ሰማሁ። ድምፅ አውጥቶ አላነበበውም። «ምን ትላለች?»

«በየቀኑ መናኸሪያ እየሄድኩ እጠይቃለሁ ትላለች። ዝናቡ ጀምሯል ትላለች። ና ትላለች።»

አንድም ቃል አልዋሸኝም፤ ሦስቱንም ጽፈሻል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «አጎቴ፣ ድንበሩን እሻገራለሁ» አለኝ። በደስታ አለቀስኩ። አማናዬን አደረስኩ ብዬ። ከደማዚን እስከዚህ ድረስ መንገዱን ሁሉ ስለ እናቱ አወራሁለት። ደጃችን ላይ ተቀምጣ ታገኛታለህ እለዋለሁ። መጀመሪያ እግሯን ሳም እለዋለሁ። «እሺ አጎቴ፣ እሺ» ይለኛል።

እዚህ ደርሰን የምዝገባ ወረፋ ላይ ቆመን ሳለ አንዲት የአሶሳ ገበያ ሴት አወቀችው። «ሙርሳል! አላህ ሶብር ይስጥህ። እናትህን አላህ ይማራት» አለችው። ክንዱን ይዤ ነበር። ክንዱ አልደነገጠም፣ በለጡ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ።

«ለምን ደበቅከኝ?» አልኩት።

«ምን ቀረህ?» አለኝ። «ዓይንህ ሄደ፣ ዕቃህ ሄደ። ለእናቴ ልጇን አደርሳለሁ እያልክ ነው በእግርህ የቆምከው። እሱንም ልውሰድብህ?»

ይህን አልጽፈውም ብሎኝ ነበር። ጻፈው አልኩት።

አሁን ሁለታችንም ደህና ነን። እሱ ትናንት አለቀሰ፤ እኔ ዛሬ። አፈሩን ስለጠበቅሽልን አላህ ይጠብቅሽ። እዚህ ትናንት ብርቱ ዝናብ ጥሎ ሙርሳልን አላስተኛውም። አሶሳ ስንደርስ ቤት ሳንገባ ቀጥታ ወደ እሷ እንሄዳለን፤ አንቺም ከእኛ ጋር።

ሐሙስ በጠዋቱ መኪና እንነሳለን። መናኸሪያው ሰው እንደሚበዛበት አውቃለሁ። እየሮጥሽ መጥተሽ አትያዢኝ፤ እስክለምደው ድረስ ድንገት የሚነካኝ ሁሉ ያስደነግጠኛል። ራቅ ብለሽ ቁሚና ስሜን ጥሪ። ሙርሳልን ክንዴን ልቀቀኝ እለዋለሁ።

እኔ ወደ ድምፅሽ እመጣለሁ።

ባልሽ ባቢከር